የፋንታሲ ልብወለድ ሐሳብ ፍለጋ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአማርኛ ፋንታሲ የሚጽፉ ወጣቶች ረቂቃቸውን ሲልኩልኝ ደስ ይለኛል። ድካማቸው ያስታውቃል፤ ቋንቋቸውም ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው። የሚሰናከሉት ግን ገና ሐሳቡን የሚቀዱበት ቦታ ላይ ነው። ደጋግመው የሚያጋጥሙኝን ስህተቶች ልንገራችሁ።

የሰው አገር ዘንዶ መዋስ

በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ወርቅ ላይ ተኝቶ እሳት የሚተፋ ዘንዶ፣ ጆሯቸው የሾለ የጫካ ሰዎች። ይህን አንባቢው በፊልም አይቶ ጠግቦታል። የእኛው ዘንዶ ግን ገና ብዙም አልተነካም።

በአክሱም አፈ ታሪክ አርዌ የሚባል እባብ አገር ይገዛ ነበር። ዋሻ ውስጥ የተደበቀ አውሬ አይደለም፤ ንጉሥ ነው። ሕዝቡ ከብትና ልጃገረድ ይገብርለታል። በአንዱ ትረካ አጋቦስ የሚባል ሰው መርዝ የበላ ፍየል አብልቶ ይገድለውና ራሱ ይነግሣል፤ ንግሥተ ሳባም የእሱ ልጅ ናት። በሌላው ትረካ ልጅቷ ለዘንዶው ታስራ ሳለ ቅዱሳን ይደርሱላታል፤ የዘንዶው ደም ሲንጠባጠብባት ተረከዟ የአህያ ሰኮና ይሆናል። ደብረ ዳሞ ላይ ደግሞ ዘንዶው ወዳጅ ሆኖ ይመጣል፤ አቡነ አረጋዊን አምባው ላይ ያወጣቸው እሱ ነው።

እስኪ አስቡት። ለዘንዶ የሚገባ ግብር ካለ ቤት ለቤት እየዞረ የሚሰበስብ ሹም አለ ማለት ነው። ያ ሹም ማታ ቤቱ ሲገባ ልጆቹን እንዴት ያያቸዋል? ዘንዶው በተገደለ ማግስትስ ሰው ምን ያደርገዋል? ለእኔ ልብወለዱ ያለው እዚህ ጋ ነው።

መልኩን ወስዶ ኑሮውን መተው

ዳሎልን መቼት ያደረገ ረቂቅ ሲደርሰኝ ገጹ በቢጫና በአረንጓዴ ይሞላል። ቀለሙን ማንም ከፎቶ ያየዋል። ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው በዚያ ምድር ግን አፋሮች ጨው ይቆርጣሉ፤ ጨዉ በግመል ወደ ደጋ ይወጣል። አሞሌው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ገንዘብ ሆኖ ይገበያዩበት ነበር። ገንዘቡ ጨው የሆነ አገር ስትፈጥሩ ክረምት ሲገባ ሀብታሙ የት ያስቀምጠዋል? ጣራው የሚያፈስ ሰውዬ አንድ ሌሊት ዝናብ ሲጥል ይደኸያል?

ሐረርም እንደዚሁ ነው። ጅብ የሚያበላውን ሰው ሁሉም ይጽፈዋል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በተገነባው የጀጎል ግንብ ላይ የጅብ መግቢያ ቀዳዳዎች እንዳሉ ግን ስንቱ አስተውሏል? በአሹራ በዓል ለጅቦቹ ቅቤ የገባ ገንፎ ይቀርባል፤ አበላላቸው ታይቶም የመጪው ዘመን ዕጣ ይተነበያል። ከተማና አውሬ ውል ያላቸው ይመስላል። ውሉ ቢፈርስስ?

ዋጋ የማይጠይቅ አስማት

ጀግናው እጁን ያነሳል፣ ብርሃን ይወጣል፣ ጠላት ይወድቃል። እኔ እዚህ ላይ ማንበብ አቆማለሁ።

የድሮውን የብራና ክታብ ተመልከቱ። ብራናው የሚዘጋጀው ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ ነው። ባለቤቱን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቅ ርዝመቱ በቁመቱ ልክ ይደረጋል። ደብተራው በጥቁርና በቀይ ቀለም ይጽፈዋል፤ የሚያፈጡ ዓይኖች ይሥልበታል፤ የክርስትና ስሙንም ያስገባል። ብዙዎቹ ላይ ሕፃናትን የምትገድለው ውርዝልያና እሷን ያሸነፈው ቅዱስ ሱስንዮስ ተጽፈዋል።

ሥራው ራሱ ታሪክ ይወልዳል። ልጁ አድጎ ከክታቡ ቢረዝም የማይጠበቀው የትኛው አካሉ ነው? ስሙ ያለበት ክታብ ጠላት እጅ ቢገባስ? ድሃውስ ለሙሉ ቁመቱ የሚበቃ ብራና መግዛት ቢያቅተው?

ሌባ ሻይም አለ። በምኒልክ ዘመን ሳይቀር ይሠራበት ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ራሱን ስቶ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ወገቡ ላይ በታሰረው ገመድ ይዘውት ይከተሉታል። ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። በዚህ አስማት ውስጥ ሕግ አለ፣ ፍርሃት አለ፣ በሐሰት የተከሰሰ ሰው አለ። ከሁሉም በላይ ማንም ፈቃዱን ያልጠየቀው ልጅ አለ። እኔ ብጽፈው በእሱ ዓይን ነበር የምጽፈው።

የሰው ቁስል ላይ መጫወት

ቡዳን እንደ ጭራቅ የሚያቀርቡ ረቂቆች ብዙ ናቸው፤ በዚህ ላይ አልደራደርም። ቡዳ ተብለው ሲሸሹ የኖሩት ብረት ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ሌሎች ባለእጆች በሕይወት ያሉ ሰዎች ናቸው። ጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤል ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እየተባሉ ተወርቶባቸዋል። የእነሱ ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ እስራኤል ውስጥ አማርኛ ያነባሉ። ሰፈሩ የሚፈራው ቀጥቃጭ እውነትም ጅብ ሆኖ ከተገኘ መጽሐፉ ለሐሜቱ መሰከረ ማለት ነው። ይልቅ ማረሻውን ሠርቶ ለሚያቀርብላቸው ሰው ቤታቸውን የሚዘጉትን ጎረቤቶች ጻፉ። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ፣ ማንን እንደጠቀመ ጻፉ።

ከአየር ላይ ስም መፍጠር

ዛርኖክስ፣ ኤልድራን፣ ምናምን። የፈረስ ስሞቻችን እያሉላችሁ? ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ይባሉ ነበር። ተዋጊ ስሙን ከፈረሱ የሚያገኝበት ዓለም ሲፈጠር ፈረሱ የሞተበት ሰው ስሙ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ አብሮ ይመጣል።

ትልልቅ ሰዎችን ተረት ብቻ መጠየቅ

አያታችሁ አጠገባችሁ ካሉ፣ ዋሽንግተንም ሆነ ቴል አቪቭ፣ «እማማ፣ ተረት ይንገሩኝ» ብላችሁ አትጀምሩ። የሚነግሯችሁ መቶ ጊዜ የተነገረውን ነው። ማታ ከቤት መውጣት የሚከለከለው መቼ ነበር? ልጅ ሲታመም መጀመሪያ ማን ይጠራል? የማይታለፈው ዛፍ የቱ ነው፣ ያለፈ ሰውስ ምን ሆነ? እንዲህ ያለውን ጠይቁ። ስልካችሁን ሪከርድ ላይ አድርጉ፤ ፈቃዳቸውን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ወሬውን አቋርጠው «ይሄ እንኳ አይወራም» ሲሉ አትጫኗቸው። ቡናው ይፈላ፣ ሌላ ቀን ራሳቸው ይመለሱበታል።