የሱቃችሁን ሽያጭ በኮምፒውተር ስትተነትኑ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ጎንደር ውስጥ ሱቅ ያላችሁ፣ የሽያጭ መዝገባችሁን ከደብተር ወደ ኤክሴልና ፓወር ቢአይ (መዝገብን በግራፍና በሪፖርት የሚያሳይ ፕሮግራም) ስታዛውሩ መጀመሪያ የሚበላሸው ቀኑ ነው። ካሸሯ 15/02/2017 ብላ ስትጽፍ ጥቅምት 15 ማለቷ ነው። ቀንን ከወር በሚያስቀድም ቅንብር የሚሠራ ኤክሴል ግን የፈረንጅ ቀን መስሎት ፌብሯሪ 15 ብሎ ይይዘዋል። የጥቅምት 29 እና 30 ሽያጭ ደግሞ ጭራሽ እንደ ቀን አይቆጠርም፤ የፈረንጆቹ ፌብሯሪ 2017 የነበረው 28 ቀን ብቻ ስለሆነ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀርና ከወሩ ድምር ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ ሽያጩ በፈረንጅ ቀን ይመዝገብ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ መስመር ያለው የቀን ሠንጠረዥ አዘጋጁና የእኛን ዓመት፣ ወርና ቀን በየዓምዱ አስገቡ።

በዚሁ ሠንጠረዥ ላይ «ጾም» ወይም «ፍስክ» የሚል ዓምድ ካልጨመራችሁ የጎንደርን ገበያ አታነቡትም። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና ልብ በሉልኝ። ፓወር ቢአይ «ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር አወዳድር» የሚል ቀላል መንገድ ስላለው ሚያዝያ 2016ን ከሚያዝያ 2017 ጋር ያስቀምጡና «የወተትና የቅቤ ሽያጫችን ተመነደገ» ብለው ትዕዛዝ ይጨምራሉ። ፋሲካ በ2016 የዋለው ሚያዝያ 27፣ በ2017 ደግሞ ሚያዝያ 12 ነው። በመጀመሪያው ወር ፍስክ የነበረው 4 ቀን ብቻ ሲሆን በሁለተኛው 19 ቀን ነበር። ያደገው ሱቁ ሳይሆን የፍስኩ ቀን ነው! የፍስክ ዕቃን ሽያጭ ለፍስክ ቀናት ብቻ አካፍላችሁ የቀን አማካዩን አወዳድሩ። ረቡዕና ዓርብን ምልክት ስታደርጉ ከፋሲካ በኋላ ያሉት 50 ቀናት ፍስክ መሆናቸውን አትርሱ። ረመዳንም በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚመጣ የራሱ ዓምድ ያስፈልገዋል።

ጥምቀትም እንዲሁ። ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ፣ ከጥር 10 እስከ 12፣ ከተማው በእንግዳ ሲሞላ የሚሸጠውን ውኃና ለስላሳ ከጥር አማካይ ውስጥ ካላወጣችሁ ለየካቲት ያዘዛችሁት ዕቃ መጋዘን ውስጥ ይከርማል።

ሌላው ከባድ ስህተት ዕቃ ያለቀበትን ቀን «ፈላጊ የሌለበት ቀን» አድርጎ መቁጠር ነው። በ30 ቀን 60 ፓስታ ሸጣችሁ እንበል። ሪፖርቱ በቀን 2 ይላል። ነገር ግን 12 ቀን መደርደሪያው ባዶ ከነበረ የተሸጠው በ18 ቀን ነው፤ በቀን ከ3 በላይ ማለት ነው። ዕቃው ከአዲስ አበባ ለመድረስ 6 ቀን ቢፈጅበት፣ በመጀመሪያው ስሌት 12 ሲቀር ታዝዛላችሁ፤ በትክክለኛው ግን 20 ሲቀር ማዘዝ ነበረባችሁ። ያ ልዩነት ነው በየወሩ መደርደሪያውን ባዶ የሚያደርገው። ዕቃው ያለቀበትና የገባበት ቀን ይመዝገብ። የመንገዱንም ጊዜ በአማካዩ ሳይሆን ከሁሉም በላይ በዘገየበት ጊዜ አስቡት።

በብር ብቻ አትለኩ። 100 ሳሙና በ80 ብር 8,000 ብር ነው፤ 70 ሳሙና በ120 ብር 8,400። ግራፉ ወደ ላይ ሲወጣ የተሸጠው ሳሙና በ30 ቀንሷል።

ቫት ከተካተተበት ዋጋ ላይ ቫቱን 15 በመቶ በመቀነስ አታውጡት፤ ዋጋውን ለ1.15 አካፍሉት። የ1,150 ብር ሽያጭ የተጣራው 1,000 ነው እንጂ 977.50 አይደለም።

በካርቶን ገዝታችሁ በፍሬ የምትሸጡትን ዕቃ ሁለቱንም በፍሬ መዝግቡ። አለበለዚያ ስቶኩ ከዜሮ በታች ይወርዳል።

አንድ ገጽ ላይ 15 ግራፍ አትደርድሩ፤ ነገ ምን እንደሚታዘዝ የሚያሳዩ 4 ይበቃሉ።

የዕቃ ስም አጻጻፍም ቀላል መስሎ ብዙ ያበላሻል። ጠዋት የገባችው ካሸር «ፀጉር ቅባት»፣ የማታዋ «ጸጉር ቅባት» ብለው ቢጽፉ ለእኛ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ዕቃ ነው። «እንቁላል» እና «ዕንቁላል»ም እንዲሁ። አንዱ ዕቃ ለሁለት ይከፈልና ሁለቱም ብዙ የማይሸጡ መስለው ከዝርዝሩ ግርጌ ይቀመጣሉ፤ ባለቤቱም በደንብ የሚሄደውን ዕቃ ማምጣት ይተዋል። ባርኮድ የሌላቸውን ሽሮና በርበሬን ጨምሮ ለሁሉም ቁጥር ስጡ፤ ካሸሯም ስም ከመጻፍ ይልቅ ከዝርዝር ትምረጥ።