አንድን ቃል በአውሮፓ ቋንቋዎች ውስጥ እንዴት እንከታተል?

መጀመሪያ አጭር ቃል ምረጡ። እኔ «ጊፍት»ን እወደዋለሁ፤ ተንኮለኛ ነው። በእንግሊዝኛ ስጦታ፣ በጀርመንኛ መርዝ! ስዊድኖች ደግሞ «ዪፍት» ብለው ያነቡትና መርዝም፣ ያገባ ሰውም ይሉበታል። (ቀልዱን እነሱ ራሳቸው ቀልደው ጨርሰውታል፤ እናንተ አትድከሙ።)

ትርጉሞቹን ጎን ለጎን ጻፉ። ከዚያ ወደ ግምት አትሩጡ፤ የቃላትን አመጣጥ የሚነግር መዝገበ ቃላት ክፈቱ። የዛሬውን ትርጉም ተዉትና ጥንታዊውን ፈልጉ። እዚህ ሁሉም «መስጠት» ከሚል አንድ ሥር ይወጣሉ። የጋብቻው ነገር ቀላል ነው፤ ድሮ ሙሽራ «ትሰጥ» ነበር። በጀርመንኛ «ሚትጊፍት» ዛሬም ከሙሽሪት ጋር የሚሰጥ ሀብት ነው።

መርዙስ ከየት መጣ? አሁን ጎረቤት ቋንቋ ማየት ግድ ነው። የግሪኩ «ዶሲስ» መስጠት ማለት ነው፤ ሐኪም የሚሰጠውን የመድኃኒት መጠንም ይጠሩበታል። ቃሉ ወደ ላቲን ገባ። ጀርመኖች ከዚያ ድምፁን ሳይሆን ሐሳቡን ተውሰው በራሳቸው «ጊፍት» ተኩት፤ ቆይቶም ቃሉ ከሚሰጥ መጠን ወደ መርዝ ዞረ። ለኔ ከሁሉም የሚጥመው ይሄ ነው። ድምፅ ብቻ የሚያሳድድ ሰው ይህን መንገድ በጭራሽ አያገኘውም።

ደችንም፣ የኔዘርላንድን ቋንቋ፣ እዩ፤ ስጦታው «ኺፍት»፣ መርዙ «ኺፍ» ነው። በአንዲት ፊደል ተገላገሉ።