አራስ ልጅ በባክቴሪያ መታመሙን እንዴት እናውቃለን? ወደ ሕክምናስ እንዴት እናድርሰው?

አራስ ጥየቃ ስንሄድ ከምንሰማቸው ምስጋናዎች አንዱ ያስፈራኛል። «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው! አያለቅስ፣ አያስቸግር፣ መተኛት ብቻ።» ብዙ ጊዜ ልክ ነው፤ የጠገበ ልጅ ይተኛል። ትናንት ጡት ሲጎትት የነበረ ልጅ ዛሬ ጡቱ አፉ ውስጥ ሆኖ ዝም ካለ ግን ነገሩ ጨዋነት አይደለም። ታሟል።

እዚህ ጎንደር ጨቅላ ሕፃናት በሚተኙበት ክፍል ነርስ ሆኜ ስሠራ ደጋግሜ ያየሁት ይህን ነው። ትልቅ ሰው ሲያመው ይናገራል፣ ያቃስታል፣ ይግላል። አራስ ልጅ ዝም ይላል። ባክቴሪያ ደሙ ውስጥ ሲገባ የሰውነቱ የመከላከል አቅም ገና ስላልጠነከረ ከመጋል ይልቅ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ጠዋት ትንሽ ደከም ያለው ልጅ ማታ በሞት አፋፍ ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዋናው ነገር ምልክቱን ቤት ውስጥ ማወቅ ነው።

1. የትኛው ልጅ የበለጠ ይጠበቅ?

የሽርት ውኃ ፈሶ ከ18 ሰዓት በላይ ቆይቶ የተወለደ። እናቱ ምጥ ላይ ትኩሳት የነበራት። ውኃው የሸተተ። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም ከ2.5 ኪሎ በታች የሆነ። ቤት ውስጥ ተወልዶ እትብቱ ባልተቀቀለ ምላጭ የተቆረጠ። ከነዚህ አንዱ ካለ የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት በተለይ ዓይናችሁን አትንቀሉ። በእርግጥ ደህና የተወለደ ልጅም በኋላ ከእጅና ከዕቃ ሊያዝ ይችላል።

2. ልጁን ገልጣችሁ እዩት

የጎንደር ብርድ ስለሚያስፈራን ልጁን ጥቅልል አድርገን እንይዘዋለን። ጥሩ ነው፤ ግን የተጠቀለለ ልጅ አይታይም። በቀን አንዴ በሩን ዘግታችሁ፣ ብርሃን ባለበት ቦታ ገልጣችሁ እዩት።

መጀመሪያ ጡቱን። ይይዛል? ይስባል? ይውጣል? መጥባት ያቆመ ወይም እንደ በፊቱ የማይጠባ ልጅ ሌላ ምልክት ሳትጠብቁ ይዛችሁት የምትሄዱት ልጅ ነው። ከምልክቶቹ ሁሉ አንድ ብቻ ምረጪ ብባል ይህንን እመርጣለሁ።

ቀጥሎ አተነፋፈሱን ቁጠሩ። ልጁ በማያለቅስበትና በማይጠባበት ሰዓት የስልካችሁን ሰዓት ከፍታችሁ፣ ሆዱ ከፍ ሲል አንድ እያላችሁ ሙሉ 1 ደቂቃ ቁጠሩ። የአራስ ልጅ ትንፋሽ አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ቆም ስለሚል ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ያሳስታል። 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ እንደገና ቁጠሩ። ሁለተኛውም እንዲሁ ከሆነ ልጁ ሐኪም ይፈልጋል። ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል በኃይል ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ካቃሰተም እንዲሁ።

ከዚያ ሙቀቱን። ቴርሞሜትር ከፋርማሲ ገዝታችሁ ብብቱ ውስጥ አድርጉ። ከ36.5 እስከ 37.4 ደህና ነው። 37.5 እና ከዚያ በላይ ትኩሳት ነው። ከ35.5 በታች ደግሞ የአደጋ ምልክት ነው። ቴርሞሜትር ከሌለ እግሩንና ሆዱን ዳስሱ። ሆዱም ከቀዘቀዘ ልጁ በጣም ቀዝቅዟል።

መንዘፍዘፍ ካያችሁ፣ ካልነካችሁት የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ ወይም መዳፉና ውስጥ እግሩ ቢጫ ከሆነ ጊዜ አታባክኑ። እንብርቱ ዙሪያ ቀይ ከሆነ ወይም መግል ከያዘ፣ ቆዳው ላይ መግል የቋጠረ ሽፍታ ከወጣ፣ ዓይኑ መግል ካወጣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ባክቴሪያ በእንብርት በኩል በቀላሉ ወደ ደም ይገባል።

3. ቤት ውስጥ የማይደረግ

እንብርቱ ላይ ቅቤ አይቀባ። አመድም፣ ሌላም። ደርቆ ይውደቅ። ጤና ጣቢያ ክሎርሄክሲዲን የሚባል የእትብት ቅባት ከሰጧችሁ እንደታዘዘው ቀቡት፤ ግን ለዓይን ከሚሰጠው ቅባት ለይታችሁ አስቀምጡት። ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል።

«እንጥሉ ወርዶበት ነው የማይጠባ» የሚባለው ነገር እጅግ ያሳዝነኛል። ልጁ የማይጠባው ስለታመመ ነው። እንጥሉን ሲያስቆርጡት በበሽታው ላይ ቁስል፣ መድማትና አዲስ ባክቴሪያ ይጨመርበታል። ለታላቁ ታዝዞ የተረፈ ሽሮፕም አትስጡት። የአራስ መድኃኒት በክብደት ይለካል፤ ለትልቅ ልጅ የሚሆን አንዳንዱም ለአራስ ጭራሽ አይሆንም።

«40 ቀን ሳይሞላው እንዴት ከቤት ይወጣል?» የሚሉ እናቶቻችን አሉ። በአክብሮት መመለስ ይቻላል። ቤተ ክርስቲያን ራሷ ለሕይወቱ የሚያሰጋ ልጅ ቀኑ ሳይደርስ ክርስትና እንዲነሣ ትፈቅዳለች። ለሐኪምማ እንዴት አይወጣ!

4. መንገድ ላይ

ከአዘዞ በባጃጅም ኑ፣ ከማክሰኚት ወይም ከደባርቅ በአምቡላንስ፣ ልጁ መንገድ ላይ መቀዝቀዝ የለበትም። ልብሱን አውልቃችሁ፣ ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ አድርጋችሁ፣ በእናቱ ጡቶች መካከል ደረት ለደረት አስተኙት። ከላይ በጋቢ ሸፍኑ፤ አፍንጫው ግን ይታይ። እናቱ ካልቻለች አባትም ያደርገዋል። መጥባት ከቻለ እየጠባ ይሂድ፤ ካልሳበ ወተቱን አልባችሁ በትንሽ በትንሹ በኩባያ ስጡት። ከተንዘፈዘፈ ወይም ራሱን ካላወቀ አፉ ውስጥ ምንም አታድርጉ።

ትልቅ ሆስፒታል መድረስ ጨርሶ ካልተቻለ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሂዱ። በአገሪቱ የሕክምና መመሪያ መሠረት ሁለት የባክቴሪያ መድኃኒቶች፣ ጀንታማይሲን በመርፌ በቀን አንዴ፣ አሞክሳሲሊን በአፍ በቀን ሁለቴ፣ ለ7 ቀን ይሰጣሉ።

5. ሆስፒታል ስትደርሱ

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለጨቅላ ሕፃናት ብቻ የተለየ ክፍል አለ። ከመግባታችሁ በፊት የምትናገሩትን አዘጋጁ፦ መቼ ተወለደ፣ የት፣ የሽርት ውኃው መቼ ፈሰሰ፣ መጥባት ያቆመው ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው። ይህቺ አጭር መልስ ሐኪሙን በጣም ትረዳዋለች።

ልጁ ይመዘናል፣ ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ይለካል፣ ካስፈለገው ኦክስጅን ይደረግለታል። ደም ይወሰዳል። «ደሙን ጨረሱት» እያሉ የሚያለቅሱ አያቶችን አውቃለሁ። 3 ኪሎ ልጅ ሩብ ሊትር ገደማ ደም አለው፤ ለካልቸር የሚወሰደው 1 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ካልቸር ማለት ባክቴሪያው እንዲያድግ አድርጎ ማንነቱን መለየት ነው። ቀናት ስለሚወስድ መድኃኒቱ ውጤቱን ሳይጠብቅ ይጀመራል፤ አብዛኛውን ጊዜ አምፒሲሊንና ጀንታማይሲን በመርፌ። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ መድኃኒቱን ሊቀይር ይችላል። ያኔ «የመጀመሪያው ስህተት ነበር» ብላችሁ አትደንግጡ።

ማጅራት ገትር ከተጠረጠረ ከጀርባው ፈሳሽ ይወሰዳል። ብዙ ቤተሰብ «ሽባ ያደርገዋል» ብሎ እምቢ ይላል። መርፌው የሚገባው የጀርባ ነርቭ ግንዱ ካለቀበት ቦታ በታች ነው። እባካችሁ ፍቀዱ፤ ማጅራት ገትር ከሆነ ሕክምናው እስከ 3 ሳምንት ስለሚረዝም ይህን አለማወቅ ነው ልጁን የሚጎዳው።

ያልገባችሁን ጠይቁ። «ለምን ያህል ቀን ነው? ካልቸሩ ምን አለ?» ማለት መብታችሁ ነው። እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ ግን ልጁን አትንኩ፣ ጠያቂም አታብዙ።

6. ሲሻለው

በ2 ወይም በ3 ቀን መጥባት ሲጀምር «ድኗል፣ እንውሰደው» ማለት ይመጣል። ምልክቱ ጠፋ ማለት ባክቴሪያው አለቀ ማለት አይደለም። የታዘዘው ቀን ይሙላ። ቤት ከገባችሁ በኋላ የጡቱንና የትንፋሹን ነገር እስከ 2 ወሩ ድረስ በየቀኑ እዩ። ከምልክቶቹ አንዱ ከተመለሰ የቀጠሮ ቀን አትጠብቁ፤ ማታም ቢሆን ይዛችሁት ኑ።