ከራሳችሁ ድምፅ የሚጫወት መሳሪያ በሳምፕለር እንዴት እንደሚሰራ

ሲንተሳይዘር ድምፁን ራሱ ከባዶ ያመነጫል፣ ለሳምፕለር ግን የተቀዳ ድምፅ ትሰጡታላችሁ እሱ ደግሞ በየቁልፉ ከፍ ዝቅ እያደረገ ያጫውትላችኋል። ለሚጀምር ሰው ሁሌም የምመክረው ሳምፕለሩን ነው፣ ፕሪሴት (ተዘጋጅቶ የሚመጣው ድምፅ) ሁሉም ሰው ጋ ያው ነው ራሳችሁ የቀዳችሁት ድምፅ ግን ሌላ ማንም ጋ የለም። ለብቻው መግዛትም ላያስፈልጋችሁ ይችላል፣ ከሙዚቃ መስሪያ ፕሮግራሞቹ ሎጂክ ላይ ኩዊክ ሳምፕለር አለ ኤብልተን ላይ ሲምፕለር አለ።

መጀመሪያ ቅዱ። "ኦ" እያላችሁ አንድ ኖታ ላይ 5 ወይ 6 ሰከንድ ቆዩ፣ ድምፃችሁ ሳይርገበገብ። የቀረፃው ጥራት 24 ቢት ይሁን፣ ከፍተኛው ጫፍ ከ-6 ዲሲቤል አይለፍ። የሚያስተጋባ ክፍል ውስጥ ባትቀዱ ይሻላል፣ ሪቨርብ በኋላም ማስገባት ይቻላል፣ አንዴ የገባውን ማውጣት ነው ፈተናው።

ከዛ ከፊት ያለውን ዝምታ ቁረጡ። 30 ሚሊሰከንድ እንኳን ከተረፈ ቁልፉን ስትነኩ ድምፁ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ከቆረጣችሁም በኋላ ከዘገየ የፕሮግራሙ የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ በፈር ሳይዙን (ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት የሚያጠራቅመውን መጠን) ወደ 128 ሳምፕል አውርዱት፣ በ44100 ሄርዝ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ማለት ነው፣ ይሄን ጆሮ አይለየውም።

አሁን ሩት ኪ የሚባለው፣ እባካችሁ እሱን አትዝለሉት። ሳምፕለሩ የቀዳችሁት ኖታ የትኛው እንደሆነ ካልተነገረው ሌላው ሁሉ ይሳሳታል። በቲውነር እዩት፣ 220 ሄርዝ አካባቢ ከሆነ ከመሃለኛው ሲ በታች ያለው ኤ ነው፣ ትንሽ ከሳተ በሴንት (በሁለት ጎን ለጎን ቁልፎች መሃል ያለው ርቀት መቶኛ) አስተካክሉት። መሃለኛውን ሲ አንዱ ፕሮግራም ሲ3 ሌላው ሲ4 ስለሚለው በትክክል አንድ ኦክታቭ (12 ቁልፍ) ከሳተባችሁ ችግሩ ስያሜው ነው፣ ድምፁ ላይ ምንም የለም።

ከባዱ ሉፑ ነው፣ ቁልፉን እስከያዛችሁ ድረስ እየተደጋገመ የሚጫወተው የድምፁ ክፍል ማለት ነው። "ኦ" ስትሉ የመጀመሪያዋ ግማሽ ሰከንድ ድምፁ ገና እየተከፈተ ስለሆነ እሷን ተዉአት፣ ከ1 ሰከንድ በኋላ ያለውን ረጋ ያለ ቦታ ምረጡና መነሻውንም መድረሻውንም ሞገዱ ዜሮውን በሚያቋርጥበት ላይ አድርጉት፣ ሁለቱም ላይ ሞገዱ ወደ አንድ አቅጣጫ እየሄደ መሆን አለበት፣ ካልሆነ በየዙሩ ቀጭ ይላል። ክሮስፌድ ጨምሩበት፣ የሉፑን መጨረሻ ከመጀመሪያው ጋር አለስልሶ ያገናኘዋል። አይናችሁን ጨፍናችሁ አንዱን ቁልፍ ለረጅም ጊዜ ይዛችሁ ስሙት፣ የሚመላለስ ነገር ከተሰማችሁ ሉፑን አርዝሙት።

ከሩት ኪው ወደ ላይ በራቃችሁ ቁጥር ድምፁ የህፃን ይመስላል፣ ወደ ታች ደግሞ ይጎተታል፣ ኖታውን ሲያፈጥነው የአፋችሁን ቅርፅ የያዘው ክፍልም አብሮ ስለሚወጣ ነው። መፍትሄው በየ3 ወይ 4 ሴሚቶን (ጥቁሮቹም ተቆጥረው በየ3 ወይ 4 ቁልፉ) አዲስ መቅዳትና ለእያንዳንዱ የራሱን ዞን፣ ማለትም የሚጫወትባቸውን ቁልፎች መስጠት ነው፣ ስራ አለው ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው!

ድምፁ እንዴት እንደሚነሳና እንደሚጠፋ የሚወስነው ኤንቨሎፑ ላይ ብዙ አትጨነቁ፣ አታክ (መነሻው) 10 ሚሊሰከንድ ሪሊዝ (ቁልፉን ስትለቁ የሚጠፋበት) 300 አካባቢ ብትጀምሩ ይበቃል። ድምፁ ሳሳ ካለባችሁ ቫይታል ወይም ሰርጅ ኤክስቲ ነፃ ሲንት ናቸው፣ አንዱን ክፈቱና ሳይን ዌቭ (ቀላሉን ንፁህ ሞገድ) አንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርጋችሁ ከስር አጫውቱት፣ ሳይሰማ ይደግፈዋል።

ሴቭ ስታደርጉ የድምፅ ፋይሎቹን ፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ አብራችሁ አስገቡ፣ ፋይሉን ከቦታው ካነሳችሁት ሳምፕለሩ በሚቀጥለው ሲከፈት ባዶ ሊሆን ይችላል።