የዐረብኛና የእንግሊዝኛን «ፈጠራ» ሳያምታቱ ለመተርጎም

አማርኛችን «ፈጠራ» በምትለው ቃል ላይ ብዙ ሥራ ጭኖባታል። የፈጠራ ባለቤት ሲባል ሙገሳ ነው። የፈጠራ ክስ ሲባል ሰውየው ባላጠፋው ተያዘ ማለት ነው። ከዐረብኛም ሆነ ከእንግሊዝኛ ዜና እየተረጎማችሁ የምትለጥፉ፣ ወይም ሪያድና ዱባይ ሆናችሁ ለዘመድ የምታስተረጉሙ፣ ዝም ብላችሁ «ፈጠራ» ካላችሁ አንባቢ ምስጋናውን ከስድቡ አይለይም። ስለዚህ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ ተናጋሪው እያመሰገነ ነው ወይስ እየከሰሰ?

ዐረብኛ ላይ ጆሯችሁን «ተ» ላይ ጣሉ። ኸለቀ ፈጠረ ነው። ከመጀመሪያው ፊደል ቀጥሎ «ተ» ስትገባበት ኢኽተለቀ ይሆናል፤ ያኔ ያልነበረ ወሬ ፈጥሮ አወራ ነው። ፈዐለ አደረገ፤ ኢፍተዐለ ግን ሆን ብሎ አቀነባበረ። ዜና ላይ «አዝማ ሙፍተዐላ» ካያችሁ፣ ቀውሱ በራሱ የመጣ ሳይሆን አንድ ወገን አስቦበት የፈጠረው ነው እያሉ ነው። በጣም የምወደው ግን ይሄ ነው፦ ሙብዲዕ ማለት የፈጠራ ችሎታ ያለው፣ ጎበዝ፤ «ተ» ጨምሩበትና ሙብተዲዕ በሉት፣ በሃይማኖት ላይ የሌለ ነገር የጨመረ፣ ማለትም ቢድዓ ያመጣ ሰው ይሆናል። በአንዲት ፊደል ከመድረክ ወደ ተከሳሽ ወንበር።

እንደ ሕግ ግን አትያዙት። ኢኽቲራዕና ኢብቲካርም «ተ» አላቸው፤ ሁለቱም ብዙ ጊዜ ሙገሳ ናቸው፣ አዲስ መሣሪያ ወይም አዲስ ዘዴ ማውጣት። ሰነዐ ከሚለው የሚወጣው ኢስጢናዒ ደግሞ («ተ»ዋ ከከባዱ «ሰ» ጋር ስትገናኝ «ጠ» ትሆናለች) መሐል ሰፋሪ ነው፤ ዘካእ ኢስጢናዒ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፣ ስድብ የለበትም። ወንድሙ ሙስጠነዕ ግን ስለ ፈገግታ ከተነገረ የይምሰል ፈገግታ ነው።

ክስ ላይ ስትደርሱ ረጋ በሉ። «ቱህማ ሙለፈቃ» የፈጠራ ክስ ነው። የቃሉ መነሻ ሁለት ጨርቅ ገጥሞ መስፋት ነው። እንግሊዝኛው ኮንኮክትድ (ተፈጥሮ የተቀነባበረ) ሲል ደግሞ ከላቲን የመጣ «አብሮ ማብሰል» አለበት። እኛ ዘንድ ሴራ አይሰፋም፣ አይበስልም፤ እንደ ጠላ ይጠነሰሳል። የእነሱን ምስል ተዉት። «የተሰፋ ክስ» ብትሉ ማን ይገባዋል?

ወረቀት ከሆነ ሙዘወር ነው፣ እኛ ፎርጅድ የምንለው፤ የሐሰት ብር ሲሆን ብዙ ጊዜ ሙዘየፍ ይባላል። ገበያ ላይ ተቅሊድ ካሏችሁ ኦሪጅናሉን አስመስሎ የተሠራ ነው፣ ዋጋ ቀንሱ። ተቅሊዲ ግን ባህላዊ ማለት ነውና ቀሚስ ስትገዙ ከሻጩ ጋር እንዳትጣሉ።

እንግሊዝኛው ላይ የሚያስቸግረው ኮንትራይቭድ ነው። ብዙ ሰው «የውሸት» ይለዋል። ውሸት አይደለም። ፊልሙ መጨረሻ ላይ የጠፋው አባት በአጋጣሚ ሐኪሙ ሆኖ ሲገኝ፣ ደራሲው ጎትቶ እንዳመጣው ያስታውቃል፤ ያ ነው ኮንትራይቭድ። «ተጎትቶ የመጣ» ወይም «ሆን ተብሎ የተገጣጠመ» በሉት። ፋብሪኬትድ ግን ቀላል ነው፣ ምክንያቱም «ፈበረከ» አለን፤ ዕቃም ይፈበረካል፣ ወሬም ይፈበረካል። ትራምፕድ አፕ ከመጣ ያው የፈጠራ ክስ ነው፣ ከፖለቲከኛው ከትራምፕ ስም ጋር አታገናኙት።

አርቲፊሻልን በሚከተለው ስም ፍረዱት። ሐይቅ ከሆነ ሰው ሠራሽ፣ ሳቅ ከሆነ የይምሰል። የድሮ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ አንድን ሥራ አርቲፊሻል ማለት በጥበብ የተሠራ ብሎ ማድነቅም ነበር።

ዐረብኛም ተመሳሳይ ወጥመድ አለው። መውዱዕ በተራ ወሬ «ጉዳይ፣ ርዕስ» ነው፣ በየቀኑ የምትሰሙት። ሐዲስ (ነቢዩ ሙሐመድ ተናገሩት ወይም አደረጉት ተብሎ የሚዘገብ) ከሚለው ቃል ቀጥሎ ከመጣ ግን ነቢዩ ያላሉትን እንዳሉ አድርጎ ሰው የፈጠረው ሐዲስ ማለት ነው፤ እዚያ ላይ «ስለ ጉዳዩ የተነገረ ሐዲስ» ብሎ የለጠፈ ሰው ኮሜንቱን ባያነብ ይሻለዋል።