ለሰርቨር ራክ የመብራት መስመርና ግራውንድ እንዴት ይዘጋጃል?

ብዙ ቢሮ ውስጥ ኤሌክትሪሺያን የሚጠራው ራኩ (ሰርቨሮች የሚደረደሩበት የብረት ቁም ሳጥን) ቆሞ፣ ሰርቨሮቹ ገብተው ካለቁ በኋላ ነው። መሆን ያለበት ግን የተገላቢጦሽ ነው። ይህ ጽሑፍ አንድ ወይም ሁለት ራክ ላላት የቢሮ ህንፃ ክፍል የሚሆን ነው። የመብራት ቦርድ (ብሬከሮቹ ያሉበትን ሳጥን) የሚነካውን ሥራ ሁሉ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሥራው፤ ምን እንደምትጠይቁት ግን እናንተ ማወቅ አለባችሁ።

ጭነቱን አስሉ። የሰርቨሮቹን፣ የስዊቾቹንና የስቶሬጁን ዋት ደምሩ። ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተጻፈው 750 ዋት ጣሪያው ነው እንጂ የሁልጊዜ ፍጆታው አይደለም፤ ሥራ ላይ ያለ ሰርቨር ራሱ የሚያሳየው ከፍተኛ ንባብ ካለ እሱን ያዙ፣ ከሌለ ጣሪያውን። በ220 ቮልት የ16 አምፒር መስመር 3520 ቮልት አምፒር (ለሰርቨር ከዋት ጋር ተቀራራቢ ነው) ይሸከማል። ሰርቨር ሌት ተቀን ስለሚሠራ 80 በመቶውን፣ ማለትም 2800 ገደማውን ብቻ ተጠቀሙ።

ለራኩ ብቻ የሚሆን መስመር ይጎተት። ፎቶ ኮፒው፣ የውሃ ማፍያው አይጋሩት። ብሬከሩ ሲ ታይፕ ይሁን፤ ብዙ ፓወር ሰፕላይ አብሮ ሲነሳ ለአፍታ የሚስበው ከረንት ቢ ታይፑን ይጥለዋል። ከሱቅ የሚገዛ የሶኬት ማከፋፈያ ራክ ውስጥ አይግባ። አንዳንዱን ስትፈቱት የግራውንዱ (ወደ መሬት የሚወስደው መስመር) ላሜራ ከምንም ጋር አልተያያዘም። ራኩ ላይ የሚታሰር ፒዲዩ (ለራክ የተሠራ የሶኬት ማከፋፈያ) ግዙ።

ግራውንዱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የተለመደው ምክር "ለሰርቨር ክፍሉ የራሱ ንጹህ ግራውንድ ይተከልለት" የሚል ነው። ዘንጉ ጓሮ ይተከላል፣ ሽቦው ቀጥታ ወደ ራኩ ይገባል፣ ከህንፃው ግራውንድ ጋር ግን አይገናኝም። ይህ አደገኛ ነው። እስቲ እናስላው፦ የእናንተ ዘንግ 5 ኦም፣ ትራንስፎርመሩ ጋ ያለው ደግሞ 5 ኦም ነው እንበል። ፌዝ (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ሽቦ) የራኩን ብረት ቢነካ ከረንቱ የሚመለሰው በአፈር በኩል ነው፤ 220 ለ10 ሲካፈል 22 አምፒር። የ32 አምፒር ብሬከር በዚህ ጨርሶ አይወርድም፣ የ16ቱም ብዙ ደቂቃ ሊታገስ ይችላል። እስከዚያ ድረስ የራኩ በር 110 ቮልት ተሸክሞ ይቆማል። መብረቅ ሲመጣም የሁለቱ ግራውንዶች የቮልቴጅ ልዩነት በኔትወርክ ኬብሉ በኩል መንገድ ይፈልጋል።

ስለዚህ ዘንግ መጨመር ከፈለጋችሁ ጨምሩ፤ ነገር ግን ዋናው ቦርድ ካለው የግራውንድ ባር ጋር በወፍራም መዳብ ይታሰር። ከራኩ ወደ ባሩ 16 ሚሊሜትር ካሬ አረንጓዴ ቢጫ ገመድ ይሂድ። የሚታሰርበት ቦታ ላይ ያለውን ቀለም ፍቁት፤ ቀለም ከረንት አያስተላልፍም። በሩና የጎን ብረቶቹም በየራሳቸው አጭር ገመድ ይያያዙ።

የመሬቱ ነገርም አለ። መረሬ አፈር ክረምት ላይ ለግራውንድ ግሩም ነው፤ በጋ ላይ ግን ደርቆ ይሰነጠቅና ከዘንጉ ይላቀቃል። በነሐሴ ተለክቶ "3 ኦም ነው" የተባለ ግራውንድ በየካቲት ሌላ ቁጥር ስለሚያሳይ በበጋ ይለካ፤ ለኮምፒውተር ክፍል ከ5 ኦም በታች ማነጣጠር ጥሩ ነው። ጨውና ከሰል መሙላት ርካሽ ዘዴ ነው፣ እኔ ግን አልወደውም፦ ጨው ብረቱን ይበላዋል፣ እሱንም ዝናብ ያጥበዋል። ቤንቶናይት (እርጥበት የሚይዝ የሸክላ ዱቄት) ከተገኘ እሱ ይሻላል።

ሲፈተሽ በመልቲሜትር ፌዝና ግራውንድ መካከል 220 ማየት ምንም አያረጋግጥም፤ ሜትሩ የሚስበው ከረንት ኢምንት ስለሆነ የላላ ግራውንድም 220 ያሳያል። የሉፕ ቴስተር (ከረንት አሳልፎ የግራውንዱን ሙሉ መንገድ የሚለካ መሣሪያ) አስመጡ። በጭነት ላይ ኒውትራል (ከረንቱ የሚመለስበት ሽቦ) እና ግራውንድ መካከልም ይለካ፦ ከ2 ወይም ከ3 ቮልት ካለፈ ኒውትራሉ ቀጥኗል ወይም ላልቷል። ድፍን ዜሮ ካሳየ ደግሞ ደስ አይበላችሁ፤ አንድ ሰው ሶኬቱ ውስጥ ሁለቱን ሽቦዎች አጣምሯቸው ይሆናል።

የሊኬጅ ብሬከር፣ ማለትም ከረንት ወደ ግራውንድ ሲፈስ የሚወርደው። የእያንዳንዱ ፓወር ሰፕላይ ፊልተር ትንሽ ከረንት ወደ ግራውንድ ያፈሳል፤ 1 ሚሊ አምፒር ገደማ እንበል። ሠላሳ ፓወር ሰፕላይ በአንድ 30 ሚሊ አምፒር ብሬከር ሥር ከሆነ ያለ ምንም ብልሽት ይወርዳል። መፍትሔው ብሬከሩን መንቀል ሳይሆን ጭነቱን በብዙ መስመር መክፈል ነው።

ዩፒኤስና ጄኔሬተር። ከዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ኦንላይን ደብል ኮንቨርዥን የሚባለውን፣ ማለትም ሁልጊዜ በራሱ በኩል አጣርቶ የሚሰጠውን ግዙ፤ በሪሌ እየተንኳኳ የሚሠራ ስታብላይዘር ለሰርቨር ገንዘብ ማባከን ነው። ባትሪው 25 ዲግሪ አካባቢ ይቀመጥ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። የጄኔሬተሩ ማዞሪያ (ከመብራት ወደ ጄኔሬተር የሚቀይረው) ኒውትራልንም የሚቆርጥ ከሆነ ጄኔሬተሩ የራሱ የኒውትራልና ግራውንድ ማሰሪያ ያስፈልገዋል፤ ፌዞችን ብቻ ከቆረጠ ሁለተኛ ማሰሪያ አይጨመር።

ወደ ራኩ ሁለት መስመር ከገባ ኤ እና ቢ እንበላቸው፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ፒዲዩ ይኑረው። ሁለት ፓወር ሰፕላይ ያለው ሰርቨር አንዱ ከኤ መስመር፣ ሌላው ከቢ ይሰካ። ሁለቱ መስመሮች እያንዳንዳቸው ከ40 በመቶ በላይ አይጫኑ፤ አንዱ ሲጠፋ ሙሉው ጭነት ሌላው ላይ ይወድቃል። ሰርቨሮቹን በየተራ፣ ጥቂት ሰከንድ እየለያያችሁ አስነሱ። ከዚያ ሥራ በሌለበት ሰዓት፣ ባክአፕ ከተያዘ በኋላ፣ የኤን ብሬከር አውርዱ፤ የጠፋ ሰርቨር ካለ ሁለቱም ገመዶቹ አንድ ፒዲዩ ላይ ተሰክተዋል ወይም አንዱ ፓወር ሰፕላዩ አይሠራም ማለት ሊሆን ይችላል። ኤን መልሱና በቢ ላይ ድገሙት።