ሮምን በእግር ሲያዩ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች፦ ለአዲስ የልውውጥ ተማሪዎች

በልውውጥ ተማሪነት ወደ ሮም መጥቼ ኑሮዬን እዚሁ ካደረግሁ ወዲህ፣ በየዓመቱ ከአገር ቤት የሚመጡ ተማሪዎችን ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ሄጄ እቀበላለሁ። የመጀመሪያዋ ነፃ ቅዳሜያቸው ስትደርስ የሚሠሩት ስህተት ከዓመት ዓመት አይለወጥም።

ከሁሉም የከፋው ሮምን በአንድ ቀን ለመጨረስ መነሣት ነው። ጠዋት ኮሎሲየም፣ ቀጥሎ የትሬቪ ፏፏቴ፣ ከዚያ ፓንቴዮን፣ ከሰዓት በኋላ ቫቲካን የሚል ዝርዝር ስልካቸው ላይ ይዘው ይመጣሉ። ከኮሎሲየም እስከ ቫቲካኑ ቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ያለው መንገድ ብቻ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የየቦታው ሰልፍ ሲጨመርበት ቀኑ በመሄድና በመሰለፍ ያልቃል። እንዲህ ውላ የተመለሰች አንዲት ተማሪ ምን እንዳየች ስጠይቃት ብዙ ፎቶ አሳየችኝ እንጂ የምትነግረኝ አልነበራትም። ፓንቴዮን ውስጥ ገብታ፣ ጣሪያው መካከል ያለውን ከ8 ሜትር በላይ ስፋት ያለው ክፍት ክብ ቀና ብላ አላየችውም። ያ ክብ መስታወት የለውም፤ ዝናብ ሲጥል ውኃው እመሬቱ ላይ ይወርድና በእብነ በረዱ ወለል ላይ በተበሱ ትናንሽ ቀዳዳዎች ይሰርጋል። እዚያ ድረስ ሄዶ ይህን ሳያዩ መውጣት ያሳዝነኛል፣ ያናድደኛልም። ሦስት ቀን ብቻ ያለው ቱሪስት ቢሯሯጥ አልፈርድበትም፤ የልውውጥ ተማሪ ግን ወራት አሉት። በአንድ ቀን አንድ ሰፈር ይበቃል።

ሁለተኛው ስህተት በአዲስ ጫማ መውጣት ነው። «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦበት የለም እንዴ?» ብሎ የተከራከረኝ ልጅ ሳምፒየትሪኒ በሚባለው ወጣ ገባ ጥቁር ድንጋይ ላይ ሦስት ሰዓት ሳይሄድ ተረከዙ ተልጦ በአውቶቡስ ተመልሷል። አበበ በባዶ እግር መሮጥን የለመደ አትሌት ነበር።

የአውቶቡሱን ነገር ካነሣን፣ የወረቀት ትኬት መግዛት ብቻውን አይበቃም። ትኬቱ 1.50 ዩሮ ነው፤ ውስጥ ባለው ማሽን ካልታተመ ግን እንዳልተከፈለ ይቆጠራል። እኔ በመጀመሪያው ወር ያልታተመ ትኬት በእጄ ይዤ ከ50 ዩሮ በላይ ተቀጥቻለሁ።

የታሸገ ውኃ መግዛትም አያስፈልግም። በከተማው ከ2,000 በላይ ናሶኒ የሚባሉ የብረት ቧንቧዎች ሌት ተቀን ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ያፈስሳሉ። አዲስ መጪ ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ሲቀበል አያለሁ፤ የቧንቧውን አፍ በጣት ቢደፍኑት ግን ውኃው ከላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ወደ አፍ ይነሣል።

ቡና ለእኛ ተቀምጠን የምንጠጣው ነገር ነው፤ እዚህ ግን ብዙ ቦታ ለተቀመጠ ሰው ዋጋው ይጨምራል፣ ስለዚህ ባንኮኒው አጠገብ ቆሞ መጠጣት ይሻላል። በስፔን ደረጃዎች ላይ መቀመጥ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስቀጣል። ትከሻንና ጉልበትን ሳይሸፍኑ ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ መሄድም ከበር መመለስ ነው፤ ቦርሳ ውስጥ አንድ ነጠላ መያዝ ይህን ችግር ይፈታል።

በአማርኛ ስትቀጣጠሩ የማንን ሰዓት እንደምትቆጥሩ ተነጋገሩ። የኮሎሲየም መግቢያ ትኬት በሰዓት የተወሰነ ነው፤ እኔ «ሦስት ሰዓት» ብዬ የቀጠርኋት ልጅ፣ እዚህ አገር በ15 ሰዓት መስሏት፣ ስትደርስ የጠዋቱ ትኬት አልፎበት ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።

አሁንም ድረስ የሚከነክነኝ ግን የራስን ታሪክ ሳያውቁ አጠገቡ ማለፍ ነው። ተርሚኒ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» የሚባለው፣ በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር በወደቁት የኢጣሊያ ወታደሮች ነው፤ መታሰቢያቸው የሆነው የግብፅ ሐውልትም እዚያው አቅራቢያ ቆሟል። ስንቱ ተማሪ ሻንጣውን እየጎተተ፣ ዓይኑን ስልኩ ላይ ተክሎ ያልፈዋል!

ስለዚህ የመጀመሪያዋን ቅዳሜ ካምፒዶልዮ ከሚባለው ኮረብታ ጀምሩ፤ አበበ ያሸነፈበት የ1952ቱ የኦሎምፒክ ማራቶን የተነሣው ከዚያ ነው። ቺርኮ ማሲሞ የሚባለውን የጥንት የሠረገላ መወዳደሪያ ሜዳ በስተቀኝ ይዛችሁ እስከ ፖርታ ካፔና ሂዱና ቁሙ። በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ የተመለሰው የአክሱም ሐውልት የቆመው እዚያ ነበር፤ አበበም ጳጉሜን 5 ቀን፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ከሞሮኳዊው ራዲ ተነጥሎ የወጣው እዚያው ሐውልቱ አካባቢ ነው። ወደ ግራ ታጥፋችሁ ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮን ስትጨርሱ የቆስጠንጢኖስ ቅስት ፊት ለፊት ይመጣል፤ አበበ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የገባበት ነው። ሲመሻሽ ድረሱ፤ እሱም የደረሰው በጨለማ፣ ወታደሮች በያዙት ችቦ ብርሃን የአፒያን መንገድ አልፎ ነው።